ቦምቡ የቆመበት ችሎት

ቦምብን ከአውሮፕላን የሚለቀው ማን ነው?

አትሽሹ፤ እናንተን ነው የምጠይቀው። ሬዲዮ ትሰማላችሁ፣ ጋዜጣ ታነባላችሁ፣ ስለ ጦርነት ስታወሩ ከጄኔራል ትብሳላችሁ። የትኛው አውሮፕላን ከየት አገር እንደመጣ፣ ከድምፅ በምን ያህል እንደሚቀድም፣ በአንድ ክንፉ ስንት ቦምብ እንደሚሸከም በቃላችሁ ትይዛላችሁ። ይህን ሁሉ ያወቀ ሰው አንዲት ትንሽ ጥያቄ አታቅተውም። ማን ነው የሚለቀው? «አብራሪው ነዋ» ብሎ እጁን ያወጣ ካለ ለጊዜው ያውርድ። እኔም እንደሱ ይመስለኝ ነበር። ትናንት በቀን፣ ቁጭ ባልኩበት እንቅልፍ ጥሎኝ ያየሁትን ሕልም ከሰማ በኋላ፣ ደፍሮ ካነሣው ያንሣው።

በሕልሜ ከአንድ የጦር አየር ሜዳ በር ላይ ቆሜያለሁ። ዘበኛው ጠመንጃውን አስያዘኝና እጆቹን ወደ ላይ ዘረጋ።

«ፈትሺኝ» አለ።

«ለምን?»

«እንግዳ ሲገባ ዘበኛ ይፈተሻል። ለአገሩ አዲስ ነሽ እንዴ?»

ፈተሽኩት። ከኪሱ አንድ ራስ ሽንኩርትና የሴት ልጁ ማበጠሪያ ወጣ። መለስኩለትና ገባሁ።

ሜዳው ገብስ ተዘርቶበታል። በመቆጣጠሪያው ማማ ላይ አንዲት ቀይ ዶሮ ተቀምጣ አውሮፕላን ታሳርፋለች፤ ደስ ካላላት ራሷን ክንፏ ሥር ትቀብራለች፣ አውሮፕላኖቹም ሰማይ ላይ ይጠብቋታል። ጄኔራሎች ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ከአንዲት የቆርቆሮ ቤት ፊት ተሰልፈዋል። በመስኮቱ ውስጥ የተቀመጡት የሽንኩርት ነጋዴዎች ናቸው።

«ነገ ተመለስ» አለች አንዷ።

«እመቤቴ፣ ትናንትም ነገ ብለውኝ ነበር» አላት ጄኔራሉ።

«ዛሬም ነገ ነው» አለችና መስኮቱን ዘጋች።

ከሁሉ የገረሙኝ አውሮፕላኖቹ ናቸው። ቦምቦቹ ከላይ፣ አውሮፕላኖቹ ከታች ነበሩ። እያንዳንዱ ቦምብ በሆዱ ሥር አንድ አውሮፕላን አንጠልጥሏል፤ አውሮፕላኑም እንዳይለቀቅ እየፈራ ክንፉን ሰብስቦ ይንቀጠቀጣል። ገና ያልደረሱትን ትንንሽ ቦምቦች ሴቶች በአንቀልባ አዝለው እሹሩሩ ይሏቸዋል።

«እንዳታስነሺብኝ» አለችኝ አንዷ፣ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ። «አሁን ገና ነው ያሸለበው።»

ልመልስላት አፌን ስከፍት ገብሱ ከእግሬ ሥር ሸሸና ራሴን ወይራ ውኃ አገኘሁት።

ወይራ ውኃ የተወለድኩባት ከተማ ናት። ከተማ የምላት ስለምወዳት ነው እንጂ፣ አንድ መንገድ፣ አንድ የማክሰኞ ገበያና አንድ የልብስ ሰፊው የሙሄ በረንዳ ነበረች። አባቴ ወንድይራድ የአጥቢያ ዳኛ ነበር። ጽሕፈት ቤት ስላልነበረው የሚያስችለው በሙሄ በረንዳ ላይ ነው። የስፌት መኪናው ይንጫጫል፣ አባቴ ሰፊ ካፖርቱ ላይ ነጠላውን ደርቦ አግዳሚው ላይ ይቀመጣል፣ ባለጉዳይ ደግሞ ከደረጃው በታች ይቆማል። አባቴ ከሞተ ብዙ ዘመኑ ነው። የገደለው በአንድ ማክሰኞ ከአውሮፕላን የወረደ ቦምብ ነው።

ስለ ድሮ ሕግ ያልሰማ ወጣት ካለ ይስማኝ። በዚያ አገር ሁለት ሰው ሲደባደብ አንድ መንገደኛ «በሕግ አምላክ» ካለ፣ ዱላ ያነሣው ያወርዳል። ፖሊስ አይፈለግም፤ ቃሉ ይበቃል። ከዚያ ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላቸውን ጫፍ ለጫፍ ቋጥረው፣ ቁራኛ ሆነው፣ አንዱ ካንዱ ሳይለይ ዳኛ ፊት ይሄዳሉ። ቋጠሮውን ፈትቶ የሚያመልጥ የለም፤ ቢያመልጥ ዕድሜ ልኩን በስሙ አይጠራም። አባቴ ይህን ቃል ሲጥል የሚዋጉ በሬዎች ይቆማሉ ይባልለት ነበር። እሱ ይህን ሲሰማ ይስቅ ነበር። «በሬዎቹ ቀድሞውኑ ደክሟቸው ነበር» ይላል። ቃሉን ግን ያምነው ነበር። እንደሱ ቃል ያመነ ሰው አይቼ አላውቅም።

በሕልሜ እንደ ድሮው አግዳሚው ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ያው ካፖርት፣ ያው ነጠላ፣ አንደኛው ጥግ ላይ ሙሄ የጠቀመለት ያው መጣፊያ። ልሮጥና ልጠመጠምበት ፈለግኩ። ግን ችሎት ላይ ነበር። ችሎት ላይ ዳኛ አይታቀፍም።

«መጣሽ፣ ጠበቃዬ» አለኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ እንደዚህ ነበር የሚጠራኝ፤ ከሁሉም ጋር ስለምከራከር።

«መጣሁ፣ አባዬ።»

«ቆመሽ ጠብቂ። ጉዳይ እየመጣ ነው።»

ጉዳዩ ሲመጣ ድምፁን ቀድሜ አወቅኩት። አውሮፕላን ነው። ክንፉ ከላይ፣ ቦምቡ ከታች፣ እንደ ወጉ። በዚያ በተገለበጠ ዓለም ያልተገለበጠው እሱ ብቻ ነበር። ከክንፉ ሥር አንድ ነገር ተነጠለና ወደ እኛ ዞረ። ገበያው ተኛ። ሰዎቹ ተኙ፣ በጎቹ ተኙ፣ ሽንኩርቱ በየማዳበሪያው ተኛ። ሙሄ የስፌት መኪናው ሥር ገባ።

«ጋሽ ወንድይራድ፣ ይተኙ እንጂ» አለ ከዚያው ሆኖ።

«ችሎት ላይ ዳኛ አይተኛም» አለ አባቴ። ተነሣ። ነጠላውን አስተካከለ፣ ጣቱን አወጣ።

«በሕግ አምላክ።»

ቦምቡ ቆመ።

ከሙሄ ጣሪያ በላይ፣ አፍንጫው ወደ ታች እንደሆነ፣ ሰው ቤት ሳያንኳኳ እንደገባ እንግዳ ደንግጦ ቆመ።

«ለእኔ ነው?» አለ።

«ከአንተ ሌላ የሚወርድ ማን አለ?» አለው አባቴ። «ቀስ ብለህ ውረድ። ቆርቆሮውን እንዳትነካ፤ የሰው ንብረት ነው።»

ቦምቡ በአየር ላይ ዞረና በጅራቱ ቀስ ብሎ ወረደ። ከደረጃው በታች፣ ባለጉዳይ የሚቆምበት ቦታ ላይ ቆመ።

«ስምህ?»

«ክብደት እንጂ ስም አልሰጡኝም፣ ጌታዬ።»

«ማን ላከህ?»

«አልተላክኩም። ተለቀቅኩ።»

«ማን ለቀቀህ?»

ቦምቡ አሰበ። «አላየሁም። ፊቴ ወደ እናንተ ነበር።»

«በዚህስ አልዋሸም» አለች አንዲት ሽንኩርት ነጋዴ፣ ከተኛችበት ሳትነሣ። «ከሰማይ ጀምሮ ዓይኑን ከእኔ ላይ አልነቀለም። ባሌ እንኳ እንደዚያ አይቶኝ አያውቅም።»

ገበያው በሆዱ እንደተኛ ሳቀ። አባቴ ሳቁ እስኪያልፍ ጠበቀና ብያኔውን ሰጠ።

«ይህ ተከሳሽ አይሆንም። የለቀቀው ይቅረብ። የለቀቀው እስኪቀርብ ችሎቱ አይነሣም።»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ችሎቱ ካልተነሣ አባቴ ከአግዳሚው አይነሣም። ቦምቡ ቆሞ ይጠብቃል፣ አባቴ ተቀምጦ ይጠብቃል፣ ያ ማክሰኞ አያልቅም። ሙሄ ከመኪናው ሥር ሆኖ አየኝና ራሱን ነቀነቀ። እሱም ገብቶታል።

አባቴ ነጠላውን አወለቀ። አንዱን ጫፍ ቦምቡ ጀርባ ላይ ካለው ቀለበት ጋር ቋጠረው፤ ከአውሮፕላኑ የተሰቀለበት ቀለበት ነው። ሌላውን ጫፍ ከእኔ ነጠላ ጋር ቋጠረው።

«ቁራኛሽ ነው» አለኝ። «የለቀቀውን ይዘሽልኝ ነይ።»

«ሳልመለስ እንዳትሄድ።»

«ችሎት ላይ ያለ ዳኛ የት ይሄዳል?»

ሄድን። ከቦምብ ጋር መንገድ መሄድ አሳር ነው። እግር የለውም፤ በጅራቱ ክንፎች እየተንፏቀቀ፣ ዳገት ላይ እየተጎተተ፣ ቁልቁለት ላይ እየጎተተኝ ሄድን።

«ቅድም ከታች የነበረው ምን ነበር?» አለኝ።

«ገበያ። የማክሰኞ ገበያ።»

«እኔስ ባዶ ሜዳ ነው ያሉኝ። ያ የሚሸተው ምን ነበር?»

«ሽንኩርት።»

«ደስ ይላል።»

ደሜ ፈላ። «ደስ ይላል ትላለህ? አንተ?»

«አትቆጪ፣ እህቴ። ከማሽን ዘይት ሌላ ሽታ አላውቅም።»

«እህትህ አይደለሁም።»

«በአንድ ነጠላ ታስረናል እኮ» አለ። ነጠላውን ጎተት አድርጌ መንገዱን ቀጠልኩ።

አየር ሜዳው ስንደርስ አውሮፕላኑ ሞተሩን አጥፍቶ ቆሞ ነበር። ክንፉ ሥር ገባሁ። ሁለት የብረት መንጠቆዎች፣ እንደ መንታ ጎን ለጎን ተሰክተው፣ አፋቸውን እንደከፈቱ ቀርተዋል። ከጥርሳቸው ዘይት ይንጠባጠባል።

«ይህን ቦምብ የለቀቃችሁት እናንተ ናችሁ?»

«እኛ?» አሉ በአንድ ድምፅ። ቦምቡን ሲያዩ አንደኛው ድምፁ ተሰበረ። «ደኅና ነህ? ወደቅክ ብለን እኮ... እኛ የተማርነው መያዝ ነው፣ እመቤቴ። ከመሬት ስንነሣ ይዘነዋል። ነፋሱ ሲመታን ይዘነዋል። አውሮፕላኑ ሲገለበጥ እንኳ ይዘነዋል። ከዚያ ከኋላችን ባሩዱ ፈነዳና መንጋጋችንን መታው። አፋችን ተከፈተ። እንደዚህ እንደተከፈተ ነው።»

ባሩዷ ከመንጠቆዎቹ በላይ ባለች ትንሽ ጉድጓድ ውስጥ ነበረች። የጥይት ቀለህ የምታክል፣ አፏ የጠቆረ ባዶ ቆርቆሮ ናት። ስጠይቃት ተቆጣች።

«እሳት መጣብኝ፣ ብድግ አልኩ። አንቺ ቤትሽ እሳት ቢመጣ ቁጭ ብለሽ ትጠብቂያለሽ?»

«ቤቴ እሳት መጥቶ ያውቃል» አልኳት።

ከዚያ ራሷ ወርዳ የነጠላውን ጫፍ ያዘች።

እሳቱን ያመጣው የኤሌክትሪክ ሽቦ ነው። እሱን ደግሞ ከክንፉ ውስጥ ጎትቼ አወጣሁት። «እኔ መንገድ ነኝ» አለኝ። «በመንገድ ሌባም ያልፋል፣ ሙሽራም ያልፋል። መንገድ የተከሰሰበት አገር አለ?» ሽቦው ያደረሰኝ ቁልፉ ጋ ነው። ቁልፉ ከመሪው ላይ የተቀመጠ፣ ከሸሚዝ ቁልፍ የማይበልጥ ቀይ ነገር ነው። «ተጫኑኝ» አለ። «የተጫኑት ደግሞ አይጮህም።» መንጠቆዎቹንም፣ ባሩዷንም፣ ሽቦውንም፣ ቁልፉንም አንድ በአንድ ቋጠርኳቸው። የአባቴ ነጠላ አላጠረም። በቋጠርኩ ቁጥር ይረዝማል።

አብራሪውን ያገኘሁት ከጄኔራሎቹ ሰልፍ ኋላ ነው። ወጣት ነው። የቀኝ አውራ ጣቱን በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ፣ እንደታመመ ሕፃን ደረቱ ላይ ታቅፎታል።

«ቁልፉን የተጫንከው አንተ ነህ?»

«ነኝ» አለ። ምክንያት አልደረደረም። ነጠላውን ሳነሣ እጁን ዘረጋልኝ። «ጣቱ የኔ ነው፤ አልክድም። ግን ጆሮዬ ውስጥ አንድ ድምፅ ነበር። አሁን ልቀቅ የሚል የሰው ድምፅ። እሱን ትተሽ እኔን ብቻ ይዘሽ ብትሄጂ ዳኛው ይቀበሉሻል?»

አባቴን አውቀዋለሁ። ግማሽ ጉዳይ አይቀበልም።

«አንተም ና፣ እሱም ይመጣል» አልኩት።

«ጠበቅ አድርገሽ እሰሪኝ» አለ።

እያሰርኩት ልጠይቀው ያልፈለግኩትን ጠየቅኩት። «ከላይ ሲታይ ምን ይመስል ነበር?»

«ሁሉም ተኝቶ ነበር። አንድ ሰው ብቻ ቆሟል። እጁን አንሥቶ» አለ። ጣቱን አየ። «ሰላም የሚለኝ መስሎኝ ነበር።»

ቋጠሮውን ጨርሼ ፊቴን አዞርኩ።

ድምፁ ያለበት ቤት አንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ነው። ወደ ላይ ለመውጣት ደረጃውን መውረድ ነበረብን። በየፎቁ አንድ ሹም ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ቆሟል። «ድምፁ ያንተ ነው?» ስለው አገጩን ወደ ምድር ቤት ይቀስራል። «ከበላይ ነው» ይላል። ወረድን፤ ወረድን። መንጠቆዎቹ እየተንቋቁ፣ ቦምቡ በየደረጃው ጅራቱን እያጋጨ፣ አብራሪው ጣቱን እያባበለ፣ እኔ እየተሳደብኩ። መጨረሻው በር ላይ አንዲት ጸሐፊ ተቀምጣ ዳንቴል ትሠራለች።

«ኃላፊው አሉ?»

«ኮታቸው አለ።»

«እሳቸውን ነው የጠየቅኩሽ።»

«ኮታቸው ካለ አሉ ማለት ነው» አለች፤ ዓይኗን ከክሯ ሳታነሣ።

ገፍቼ ገባሁ። ከትልቅ ጠረጴዛ ኋላ ትልቅ ወንበር አለ። ከወንበሩ ጀርባ ላይ አንድ አመድማ ኮት ተሰቅሏል። ትከሻው ሰፊ ነው፣ ኪሱ ላይ እስክሪብቶ ተሰክቷል። ፊት ለፊቱ የሬዲዮ መነጋገሪያ ተቀምጧል። ሰው የለም።

ቦምቡ ወደ እኔ ተጠጋ። «እኔም እንደዚህ ነበር የተሰቀልኩት» አለኝ በሹክሹክታ።

«ጉዳዩ በትኩረት እየታየ ነው» አለ ኮቱ።

አብራሪው ፊቱ ነጣ። «እሱ ነው። ድምፁ እሱ ነው።»

ሌላ አልጠየቅኩም። ኮቱን ከወንበሩ ነጥቄ በሁለት እጅጌው ቋጠርኩትና ሁሉንም እየጎተትኩ ወጣሁ። ደስታዬን አልችልም። ሮጥኩ። ሸክሜ ከበደኝ አልልም፤ አባቴ ይዘሽልኝ ነይ ያለኝን ይዤለት እየሄድኩ ነበርና።

ወይራ ውኃ እንደተውኳት ነበረች። ገበያው በሆዱ እንደተኛ፣ ሙሄ መኪናው ሥር እንዳለ፣ አባቴ በካፖርቱ ብቻ አግዳሚው ላይ እንደተቀመጠ። ሁሉንም በተራቸው ከደረጃው በታች አቆምኳቸው። ኮቱን ከፊት አደረግኩት።

አባቴ ከበረንዳው ጎንበስ ብሎ እጁን በኮቱ እጅጌ ውስጥ ሰደደ። እጁ በአንገቱ በኩል ወጣ። ገበያው ሳቀ። እሱ አልሳቀም።

«ጠበቃዬ፣ ይህ ኮት ነው።»

«ድምፁ ከሱ ነው የወጣው። አብራሪው መስክሯል።»

«ኮት አይምልም። ኮት አያፍርም። ኮት ባስር የምቀጣው ማንን ነው? ሰውየውን አምጪልኝ።»

ያን ጊዜ የለመደብኝ መጣ። ጮኽኩበት። ዳኛ ላይ፣ ችሎት ላይ። «ከየት ላምጣልህ? ብረቱን አመጣሁ፣ ሽቦውን አመጣሁ፣ ጣቱን አመጣሁ፣ ድምፁን አመጣሁ። ሰው ከሌለ ሰው ልፍጠርልህ? ባለው ፍረድና ተነሥ...»

ቃሉ ካፌ ወጣ። ቦምቡ እንኳ ወደ ሌላ አየ።

አባቴ አልተቆጣም። ብቻ ጠየቀኝ።

«ልነሣ?»

ካፖርቱን አየሁት። መጣፊያውን አየሁት። አንጓዎቹ ያበጡ እጆቹን አየሁ።

«አይ» አልኩ። «ተቀመጥ።»

ወደ አግዳሚው ጫፍ ሸሸት አለና ቦታ ለቀቀልኝ። «እንግዲያው አረፍ በዪ። ተከሳሽ እስኪመጣ ዳኛና ጠበቃ ጎን ለጎን ቢቀመጡ የሚከለክል ሕግ የለም።» ከኪሱ የተቆላ ሽምብራ አወጣና በመዳፌ ላይ አፈሰሰልኝ። ልጅ ሆኜ ችሎቱ ሲረዝምብኝ እንደዚህ ያደርግ ነበር። ተቀመጥኩ። ትከሻዬ ትከሻውን ነካው። አላቀፍኩትም። የካፖርቱ ሱፍ ጉንጬን ሲቧጥጠኝ ይሰማኝ ነበር፤ ሽታው ያው የሙሄ የስፌት መኪና ዘይትና የዝናብ ሽታ ነው። ከዚያ ቦታ ለዘላለም ባልነሣ ፈቃዴ ነበር።

«አባዬ፣ ያን ቀን ለምን አልተኛህም?»

ሽምብራውን አኝኮ እስኪጨርስ ቆየ።

«ውስጡ ሰው ያለ መስሎኝ» አለ። «ሰው ካለበት ቃሉን ይሰማል ብዬ።»

አብራሪው አንገቱን ደፋ።

«ጌታዬ» አለ ቦምቡ፣ «እኔ እስከ መቼ ነው የምቆመው?»

«የለቀቀህ እስኪመጣ።»

«ከብዶኛል።»

ያን ጊዜ ቋጠሮው ሲላላ አየሁ። የአባቴ ነጠላ ከቀለበቱ ላይ ስልል እያለ ይንሸራተታል። ቦምቡ ከመሬት ከፍ ማለት ጀመረ፤ ወደነበረበት፣ ከሙሄ ጣሪያ በላይ። ሽምብራዬን ጥዬ ነጠላውን በሁለት እጄ ያዝኩ። «አባዬ፣ አንተም ያዝ፣ አንተም ያዝ» አልኩ። እሱ ግን ነጠላውን አልያዘም። ተነሣ። ጣቱን አወጣ።

«ወይዘሮ አያልነሽ።»

አንድ ሰው ትከሻዬን ይነቀንቀኛል።

«ወይዘሮ አያልነሽ፣ ይነሡ እንጂ። ምሳ ሰዓት ነው፣ በሩን ልቆልፍ ነው።»

የኮሪደሩ አግዳሚ ላይ ነኝ። ሕልሙን ያየሁት እዚያው መሥሪያ ቤት ነው፤ ስንት ዘመን የተመላለስኩበት፣ አባቴን የገደለውን ቦምብ ማን እንዳስለቀቀው ንገሩኝ የምልበት። ጸሐፊዋ ዳንቴሏን ብብቷ ሥር ይዛ ፊቴ ቆማለች። የራሴን ነጠላ ጫፍ በሁለት እጄ ጨብጬ ጣቶቼ ነጥተዋል።

«ኃላፊው ገቡ?» አልኳት።

«አልገቡም።»

በሩ ገርበብ እንዳለ ነበር። ውስጡ ይታያል። ወንበሩ አለ። አመድማው ኮት አለ።

«ኮታቸው ይታየኛል።»

ዞራ አየችው። «ኮታቸውማ አለ» አለች። ከዚያ ግራ ቀኙን አይታ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለች። «ቢደክሙብኝ ነው የምነግርዎት። እኔ ከተቀጠርኩ ጀምሮ አለ። ሦስት ኃላፊ ሲቀያየር ማንም ለብሶት አላየሁም። የማን እንደሆነ እኔም አላውቅ። ቅዳሜ ቅዳሜ አቧራውን አራግፋለሁ፣ በቃ።»

በሩን ቆለፈችው። ኮቱ ውስጥ ቀረ።

አሁን ያልተገለበጠውን ልንገራችሁ። ሙሄ በሕይወት ተርፎ ያየውን ነግሮኛል። ያን ማክሰኞ ገበያው ሁሉ ተኛ፤ አባቴ ቆመ። ጣቱን ወደ ሰማይ አንሥቶ በሙሉ ድምፁ «በሕግ አምላክ» አለ። ሙሄ ይህን ሲነግረኝ መጀመሪያ ይስቃል፣ አባቴ ቦምብን እንደ ሰካራም ሲያስቆም እያሰበ። ከዚያ ነጠላውን ዓይኑ ላይ ያደርጋል። ቦምቡ አልቆመም። ያ መሥሪያ ቤት ከስንት ምልልስ በኋላ የሰጠኝ መልስ አንድ መስመር ነው፦ «ከአውሮፕላኑ ላይ የተሰቀለው ነገር ወርዷል።» ወርዷል። በራሱ ጊዜ፣ እንደበሰለ ኮክ።

መንጠቆ በራሱ አይከፈትም። እንዲይዝ ነው የተሠራው። ባሩዱ እሳት ይፈልጋል፣ እሳቱ ሽቦ ይፈልጋል፣ ሽቦው ቁልፍ፣ ቁልፉ ጣት፣ ጣቱ ትእዛዝ ይፈልጋል። ትእዛዙ ደግሞ አፍ ነበረው። ኮት አፍ የለውም።

ስለዚህ አንተ፣ ኮትህን ወንበር ላይ ሰቅለህ የወጣኸው። ምሳህ ረዘመ። አባቴ በጠራህ ቃል ዛሬ እኔ ልጁ እጠራሃለሁ። በጸሐፊ በኩል አይደለም፣ በአንድ መስመር አይደለም። ወይራ ውኃ ገበያው መካከል፣ በማክሰኞ፣ ሽንኩርት ነጋዴዎቹ ባሉበት፣ በገዛ ስምህና በገዛ አፍህ። አባቴ ችሎት ላይ ነው፤ አንተ ካልቀረብክ አይነሣም፣ እኔም አላቀፍኩትም።

በሕግ አምላክ። ቁምና በአደባባይ መልስ፤ ልቀቅ ያለው ማን ነው?